ሊሾው እስኪደርቅ

አዳማ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጎሚስታ ሆኜ ሠርቻለሁ። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጎማ የተነፈሰበት ከባድ መኪና ሁሉ የሚቆምባት ቆርቆሮ ቤት የእኔ ናት። ጎማ የሚባል ነገር እኔን አያታልለኝም እያልኩ አፌን ሞልቼ የምናገር ሰው ነበርኩ። ምክር ደግሞ አልወድም። ደንበኛ "እንዲህ ብታደርገው ይሻላል" ካለኝ ክሪኩን መሬት ላይ ጣል አድርጌ "እንካ፣ አንተው ሥራው" እላለሁ። ባለቤቴ ዘነበች በዚህ ጠባዬ ሃያ ሰባት ዓመት ስትስቅብኝ ኖራለች። የዛሬው ወሬዬ ግን ሳቋ ከቤታችን ስለጠፋበት ጊዜ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ዘነበችን ስትሮክ መታት። ግራ እጇና ግራ እግሯ ከዷት። ሐኪሞቹ ትራመዳለች ብለውን ነበር፤ እውነትም የካቲት ሲያልቅ በምርኩዝ ሳሎን ካነጠፍንላት አልጋ እስከ በሩ መሄድ ጀመረች። መጋቢት ላይ ግን አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሳሎን ውስጥ ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ የእጇ አንጓ ብቻ አብጦ በሳምንቱ ዳነ። ከዚያ በኋላ ግን አልቆምም አለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ምርኩዙን ታየዋለች፣ መልሳ ትተኛለች።

ለጎረቤት ሁሉ "ነጠላ ጫማዋ አደናቅፏት ነው" አልኩ። ስለዚያ ቀን ያልተናገርኩት ነገር ነበር። እሱን ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

በሚያዝያ አጋማሽ ከሆስፒታል ያስጠራኋት ፊዚዮቴራፒስት ቤታችን መጣች። የዘነበችን እግር አንስታ፣ አጥፋ፣ ዘርግታ ስታበቃ ወደ ግቢ ጠራችኝ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እግሯ ይሠራል። ፍርሃት ነው ያስቀመጣት። እነዚህን ወራት ተቀምጣ ካሳለፈቻቸው ግን እግሯም መቀመጥን ይለምዳል። ያኔ እኔም ምንም ላደርግልዎት አልችልም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ወለላችሁን አይተውታል? እኔ ደህናዋ እንኳን ስገባ ሊያንሸራትተኝ ነበር።"

የቤታችን ወለል ሊሾ ነው። ሲሚንቶው እስኪያብረቀርቅ ተለስልሶ የተሠራ፣ ዘነበች ሃያ ዓመት ስትኮራበት የኖረችው ወለል። ልጅቷ ስትሄድ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት፤ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ይታይበታል። ያን ዕለት ማታ ደግሞ አዲስ አበባ የምትኖረው ልጃችን ሒሩት ደወለች።

"አባዬ፣ እሁድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እማዬ እኔ ጋ ትሁን።"

"ፎቅ ላይ አስቀምጠሻት ሥራ ስትሄጂ ማን ያቆማታል?"

"እዚያስ ማን አቆማት?" አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ በጣቴ ቆጠርኩ። የቀሩኝ አምስት ቀናት ነበሩ።

ከሥራ ቦታዬ አጠገብ ስፖርት ቤት የነበረው አንድ ደንበኛዬ ቤቱን ዘግቶ ዕቃውን ሲያወጣ አይቼው ነበር። ክብደት ሲጣልበት ወለሉን የሚጠብቅ ጥቁር የጎማ ንጣፍ ነበረው፤ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ አንዱን ቁራጭ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚፈልግ። ለምን እንደፈለግኩት ስነግረው "ውሰደው፣ ጋሽ ለማ፣ ለእሷ ከሆነ" አለኝ። ማክሰኞ ዕለት በባጃጅ ሦስት ምልልስ አመላለስኩት። ቆርቆሮ ቤቴን ቆለፍኩና "እስከ ሰኞ የለም" ብዬ በኖራ ጻፍኩበት። በሥራ ዘመኔ ከበዓል ውጭ ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ዘነበችን ተሸክሜ ማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጥኳትና ሳሎኑን ባዶ አደረግኩት። ወለሉን በሳሙና አጥቤ፣ ላዩ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። የጎማዎቹንም ጀርባ ሞረድኩ። ካላመዳሪ ላይ፣ ማለት የውስጠኛው ጎማ ላይ፣ የሚለጠፍ ጎማ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ካልተሞረደ ማስቲሽ አይይዘውም። ማስቲሹን ቀባሁ፣ እስኪይዝ ጠበቅኩ፣ ጎማውን አነጠፍኩ፣ በመዶሻ እጀታ ከመሃል ወደ ዳር እየነዳሁ አየሩን አስወጣሁ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቢላዬን ሳሙና ውሃ እየነከርኩ በልኩ ቆረጥኩት። ሐሙስ ማታ ሲያልቅ አንዱን ጎማ ከሌላው የሚለየው መስመር እንኳን ለዓይን አይታይም ነበር። ወገቤ ተቆርጧል፤ ልቤ ግን ሞልቷል። "አሁን ውደቂ ብልሽም አትወድቂም" አልኳት። ዘነበች ወለሉን አየችው።

ዓርብ ከሰዓት አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት።

"በይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቁሚ። እኔ ይዤሻለሁ።"

"አልችልም፣ ለማ።"

"ትችያለሽ። ይኸው፣ ሁለት እጅሽንም ይዣለሁ።"

ይዣለሁ ስላችሁ፣ ጎማ ፈትቼ እንደምይዘው አጥብቄ ነበር። እንደ ምንም ብላ ተነሳች። ጤነኛ እግሯን አንድ ጊዜ አራመደች። የታመመውን ልትጎትት ስትል ጎማው ከእግሯ ሥር ተንቀሳቀሰ። የተለጠፈው ጠርዝ ቀና አለና የጫማዋን አፍንጫ ያዘው። ጮኸች። ደረቴ ላይ ወደቀች፣ እኔም ከእሷ ጋር አልጋው ላይ ወደቅኩ። "ተወኝ፣ በቃ ተወኝ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ጠርዙን በሁለት እጄ ይዤ ስጎትተው ያለ ትግል ተነሳ። ሥሩ ርሷል። ማስቲሹ ነጭ ሆኖ እንደ አጓት ይንሸራተታል። ሁለተኛውን አነሳሁ፤ እሱም ያው ነው። መጀመሪያ ማስቲሽ የሸጠልኝን ሰው ሰደብኩ። ቀጥዬ ያንን ወለል የሠሩትን ኦቦ ጉደታን ሰደብኩ። "ሲሚንቶውን አሳንሰውት ነው፤ ከሥር ውሃ እያስገባ ነው" ብዬ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ።

ኦቦ ጉደታ የሰፈራችንን ግማሽ ቤት የሠሩ ግንበኛ ናቸው። አሁን አርጅተው ቤት ይውላሉ። ግቢያቸው በር ላይ እንደቆምኩ ሰላምታ እንኳን ሳልሰጥ ጀመርኩ። ታገሡኝና ስጨርስ "አከም ጅርታ፣ ለማ?" አሉኝ፤ እንደምን አለህ ማለታቸው ነው። አፈርኩ። ባርኔጣቸውን አደረጉና ተከተሉኝ።

ሳሎኑ ውስጥ ተንበርክከው ሲሚንቶውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። አንዱን ጥግ በሳንቲም ጫሩት። ሌላውን ጥግ ጫሩት። ጎማውንም አገላብጠው አዩት።

"ሥራህ ጥሩ ነው" አሉ። "ጎማውን በደንብ ሞርደሃል። ሲሚንቶው ግን ቢሻን ጠጥቷል፤ ውሃ። ከሥር የመጣ አይደለም፤ ከላይ ነው። ማን ነው እዚህ ቤት ውሃ የሚረጨው?"

አዳማን የምታውቁ ይህን አትስቱትም። በሚያዝያ ቀትር ላይ የቆርቆሮ ጣሪያው ሲግል፣ ሊሾ ወለል ላይ በጣሳ ውሃ ረጭቶ በርና መስኮት መክፈት የሁላችንም ልማድ ነው። ቤቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ይተነፍሳል። ዘነበች ሃያ ዓመት በየቀኑ ስትረጭ ኖራለች።

"እኔ ነኝ" አለች ዘነበች ከአልጋዋ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ኦቦ ጉደታ ቀስ ብለው ተነሱ። "አንቺ ከታመምሽ አራት ወር ሊሞላሽ ነው፣ ልጄ። ይሄ ውሃ የዚህ ሳምንት ነው።"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ኦቦ ጉደታ ፌስታል እንድሰጣቸው ጠየቁ። ባዶው ሲሚንቶ ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር አጣበቁት። "ጎማውን ሁሉ አንሳ። ማስቲሹን ፍቀህ አውጣ። ጠብታ ውሃ አታስነካው፤ በርና መስኮቱን ክፈተው፣ የናዝሬት ንፋስ ይሠራዋል። በየጠዋቱ ፌስታሉን እየው። ከሥሩ ላብ ካለው ሲሚንቶው አልደረቀም። ላብ ሲያጣ ጥራኝ።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"እሱ ነው የሚያውቀው" ብለው ወለሉን አሳዩኝና ሄዱ።

መፍቂያዬን ይዤ ተንበረከክኩ።

"ለማ" አለች ዘነበች። "እኔ ከወደቅኩ በኋላ እንኳን መርጨቱን ለምን አልተውክም?"

"ሙቀቱ እንዳያፍንሽ ብዬ።"

"ሌላስ?"

መፍቂያውን አስቀመጥኩት። "ድንገት ብተወው፣ ለምን ተወ ይባላል ብዬ።"

"ማን ነው የሚለው?"

"አንቺ።"

እንግዲህ ቦታው ደርሷል። ያን ቅዳሜ ቀትር ላይ ወለሉን የረጨሁት እኔ ነኝ። ረጭቼ ባልዲውን ልደፋ ወደ ግቢ ወጣሁ። ዘነበች ያለ ምርኩዝ መራመድ መጀመሯን ልታሳየኝ ፈልጋ ተነስታ ኖሯል። ድምፁን ሰምቼ ስገባ ውሃው ላይ በጎኗ ወድቃለች። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን "ምን ወደቀ?" ብላ ተጣራች። እኔም ከበሩ ጀርባ መወልወያውን አንስቼ ውሃውን ወለወልኩ። ከዚያ ነው ዘነበችን ያነሳኋት። ጎረቤታችን ስትገባ ወለሉ ደርቆ ነበር።

ይህን ሁሉ ለዘነበች ከወለሉ ሆኜ፣ ዓይኔን ሳላነሳ ነገርኳት። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አለች። "ቀሚሴ ርሶ ነበር እኮ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ውሃውንማ ዕድሜ ልኬን እኔም ስረጨው ኖሬያለሁ፤ ማንም ሊወድቅበት ይችል ነበር። ውሃው አይደለም የጎዳኝ፣ ለማ። መሬት ላይ ሆኜ እያየሁህ መጀመሪያ ወለሉን ወለወልክ። ምርኩዙን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው። ብወድቅ ወደ ማን ቀድመህ እንደምትሄድ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ልቁም?"

እኔ ለቅሶ ቤት እንኳን ዓይኔ የማይረጥብ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን እዚያ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይቅርታ አልኳት። ወዲያው እሺ አላለችኝም። "ለሒሩት አንተው ራስህ ትነግራታለህ" አለችኝ፣ "ለጎረቤትም።"

እሁድ ሒሩት ስትመጣ ቤቱ የተፈታ መኪና መስሎ ነበር የጠበቃት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገርኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። "እማዬ፣ ተነሺ፣ እንሂድ" አለች፤ እኔን አላየችኝም።

"ሲሚንቶው ሳይደርቅ አልሄድም" አለች ዘነበች።

"ሲደርቅስ?"

"ያኔ እቆም እንደሆነ አያለሁ። ካልቆምኩ ትወስጂኛለሽ።"

ሒሩት ሳትሰናበተኝ ሄደች። እኔም ወደ መፍቂያዬ ተመለስኩ።

ቀጥሎ የመጣው ሳምንት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያላየሁት ነው። ውሃ አይረጭም። ቀትር ሲሆን ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ንፋሱ አቧራ ይዞ ይገባል። ማንጎው ሥር ላውጣሽ ስላት "ጠዋትና ማታ ይበቃኛል፤ ቀትሩን እዚሁ ሆኜ ወለሉን እጠብቃለሁ" ትላለች። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። በካርቶን አራግብላታለሁ። በየጠዋቱ ፌስታሉ ላይ እንበረከካለሁ።

"ምን ይላል?" ትለኛለች።

"ላብ አለው።"

"ነገ ደግሞ እናያለን።"

ሰኞ ላብ ነበረው። ማክሰኞም። ረቡዕ ትንሽ ቀነሰ። ሐሙስ ጨመረና ተስፋ ቆረጥኩ፤ ለካ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ በመስኮቱ ገብቷል። ቆርቆሮ አምጥቼ ከመስኮቱ በላይ ጥላ ሠራሁ። በነዚያ ቀናት ውስጥ ጎረቤታችንን ጠርቼ ስለዚያ ቅዳሜ ነገርኳት። አፏን ይዛ ቀረች። ከባዱ ግን እሱ አልነበረም። ከባዱ ማታ ማታ ዘነበች የምትጠይቀኝ ጥያቄ ነበር። "ምን እያሰብክ ነበር ያኔ?" ትለኛለች። "ሰው ምን ይለኛል ብዬ" እላታለሁ። በማግስቱ ደግማ ትጠይቀኛለች፣ ደግሜ እመልስላታለሁ። አንድም ቀን አልተቆጣሁም። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዘጠነኛው ቀን እሁድ ጠዋት ፌስታሉን አነሳሁት። እጄን ከሥሩ አስገባሁ። ደረቅ ነው። ጉንጬን ሲሚንቶው ላይ አድርጌ አረጋገጥኩ።

"ምን ይላል?" አለች።

"ደርቋል።"

ኦቦ ጉደታ መጡ። "ማስቲሽ አያስፈልግህም" አሉ። "ይሄ ጎማ በክብደቱ ብቻ ይተኛል። ከግድግዳው የጣት ያህል አርቀው፤ በሙቀት ሲያብጥ የሚሄድበት ይፈልጋል። መጋጠሚያውን ብቻ ከሥር በፕላስተር ያዘው።" ድሮ ቢሆን "እንግዲያው እርስዎ ይሥሩት" እላቸው ነበር። እሺ አልኩ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያሳዩኝ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ አነጠፍኩ። ሲጨርሱ በጎማው ላይ ከዳር እስከ ዳር ተራመዱበት፣ አንድ ጊዜ እግራቸውን አንስተው መቱትና "ገሪ ዳ" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ዘነበችን አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። ሁለት እጆቿን ልይዝ ስል ወደ ኋላ ሳበቻቸው።

"አትያዘኝ። ብቻ አትራቅ።"

እጄን ምን ላድርገው? ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ አወጣሁት። ዘነበች ምርኩዙን ይዛ ተነሳች። ቆመች። ከወደቀችበት ቀን ወዲህ በደንብ ያላየሁትን ቁመቷን አየሁት፤ ለካ ትከሻዬ ድረስ ነች። አንድ እርምጃ ሄደች። ሁለት። የታመመው እግር ጎማው ላይ እየተጎተተ ሳይሆን እየረገጠ ሄደ። አራተኛው ላይ ጉልበቷ ከዳት።

ልይዛት አልደረስኩም። በጎኗ ወደቀች። ወለሉ ድምፅ እንኳን አላሰማም። ምርኩዙ የቡና ጠረጴዛውን መትቶ ወደ አልጋው ሥር ተንከባለለ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብርጭቆ ወድቆ ውሃው ፈሰሰ። እኔ የማስታውሰው ጉልበቴ ከአጠገቧ ማረፉን ብቻ ነው። ጭንቅላቷን ክንዴ ላይ አደረግኩት። እጇን፣ አንጓዋን፣ ዳሌዋን ዳሰስኩ። "ያመመሽ ቦታ አለ? ንገሪኝ፣ የቱ ጋ ነው?" እያልኩ ነበር።

ዘነበች ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ምንም አላመመኝም" አለች። "አንሳኝ። ደግሜ ልሞክር።"

አነሳኋት። ያን ዕለት እስከ በሩ ደረሰች። በሩን ይዛ ቆማ ግቢውን ስታይ ለሒሩት ስልክ ደወልኩና ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። "ቆሜ ነው የማወራሽ" አለቻት። ሒሩት እኔን በሙሉ ልቧ ለማናገር ሌላ ሁለት ወር ፈጅቶባታል፤ አልፈርድባትም።

አንባቢዎች ሆይ፣ ቤታችን የመጣ ሁሉ ወለሉን እየረገጠ "ይሄ ጎማ እኮ ነው ያዳናት" ይለኛል። ከእኔ በላይ ጎማ የሚወድ ሰው የለም፤ ቢሆንም እውነት አይደለም። በዚያ ዓርብ ማስቲሹ ይዞልኝ ቢሆን ኖሮ ቤቴ ጥሩ ወለል ይኖረው ነበር፣ ዘነበችም እዚያ ጥሩ ወለል ላይ ተቀምጣ ትቀር ነበር። እልኸኛ ነኝ፣ ዛሬም ነኝ። ግን እልሄን ስድስት ሳምንት ሙሉ ባልሆነ ቦታ ላይ አውዬዋለሁ። ዶክተር ፈለግኩ፣ ጎማ ፈለግኩ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ሠራሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ግን አቅም አጣሁ። እናንተም ቤት ውስጥ የምትረጩት፣ የምትወለውሉት፣ "ምን ይባላል" ብላችሁ የምትቀጥሉበት ነገር ካለ፣ አብሯችሁ የሚኖረው ሰው የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ምናልባት ከመሬት ሆኖ አይቷችኋል።

ዘነበች ዛሬ ያለ ምርኩዝ እስከ ግቢው በር ትሄዳለች። አንዳንዴ "ለምን ቀድመሽ አልጠየቅሽኝም?" እላታለሁ። "አንተ እንድትነግረኝ ፈልጌ ነበር" ትለኛለች። እኔ ለመናገር ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። እሷ ደግሞ ስድስቱንም ሳምንት ተቀምጣ ጠበቀችኝ።